የካርዱን ዋጋ ከመጨመር በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሰሜን ሸዋ ሆስፒታሎች በር ላይ ከታካሚና ከአስታማሚ የሚሰማው ሮሮ ሁለት ነው። አንዱ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ ተባልን» የሚል፣ ሌላው «ሌሊት የሚያየን ነርስ አጣን» የሚል። ሁለቱ ለየብቻ ይነሳሉ፣ መልሳቸውም ለየብቻ ይሰጣል። ለመጀመሪያው የሚታሰበው መፍትሔ የአገልግሎት ዋጋ ማሻሻያ ነው፤ ለሁለተኛው «በጀት ሲፈቀድ ይቀጠራል» ይባላል። በሆስፒታል ፋይናንስና በነርስ አገልግሎት ሙያ ውስጥ ላለን ሰዎች ግን ሁለቱ የአንድ ሕመም ሁለት ምልክቶች ናቸው። ሕመሙም መዘግየት ነው፤ የመድን ክፍያ ይዘገያል፣ የዲዩቲ (የትርፍ ሰዓትና የአዳር ሥራ) ክፍያ ይዘገያል፣ ቅጥር ይዘገያል፣ ጥገና ይዘገያል። ገንዘቡ በመጨረሻ ይከፈላል፤ ሲከፈል ግን የሚገዛው ነገር አንሷል።

በመድኃኒቱ እንጀምር። የመንግሥት ሆስፒታል ገንዘብ የሚያገኘው በዋናነት ከሁለት ቋት ነው። መደበኛው በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ያልቃል። መድኃኒት፣ ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል)፣ ጓንት፣ ነዳጅና ጥገና ባብዛኛው የሚሸፈነው ሆስፒታሉ ራሱ ከሚሰበስበው የውስጥ ገቢ ነው። በ1990 ዓ.ም. የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ ከመውጣቱ በፊት ሆስፒታል የሰበሰበውን ሁሉ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ፈሰስ ያደርግ ነበር። ስትራቴጂውን ተከትለው በወጡ የክልል ሕጎች ገቢውን እዚያው ይዞ፣ በቦርድ እያስጸደቀ እንዲጠቀምበት ተፈቀደለት። ትልቅ መሻሻል ነበር። የመድኃኒቱ ገንዘብ ግን የሚሠራው ሲሽከረከር ነው፤ ተገዝቶ፣ ተሸጦ፣ በተሸጠበት ተመልሶ ይገዛበታል። ስሙም ተዘዋዋሪ ፈንድ የተባለው ለዚህ ነው።

አሁን በምሳሌ እንቁጠር። አንድ ፋርማሲ 100 ካርቶን ግሉኮስና ሴፍትሪያክሶን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መርፌ በካርቶን 1,000 ብር ገዛ እንበል። የ25 በመቶ ጭማሪ አድርጎ በ1,250 ለሕመምተኛ ሰጠ። ሕመምተኛው የጤና መድን አባል ስለሆነ በእጁ አልከፈለም፤ ሂሳቡ ወደ መድኑ ተላከ። ገንዘቡ ከስድስት ወር በኋላ ሲመጣ የካርቶኑ ዋጋ 1,400 ሆኗል። በተሰበሰበው 125,000 ብር የሚገዛው 89 ካርቶን ነው። በዚያው አኳኋን ሁለተኛ ዙር ሲሄድ 80 ይቀራል፣ በሦስተኛው 71። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አላባከነም፤ ሆስፒታሉ «25 በመቶ አትርፏል» ተብሎ በሪፖርት ተጽፏል፤ መደርደሪያው ግን በሦስት ዙር ከሲሶ ትንሽ በሚያንስ መጠን ባዶ ሆነ። ስድስት ወር የፈጀው ክፍያ በአንድ ወር ቢመጣ ኖሮ ያው 100 ካርቶን ሳይነካ በተተካ፣ ጭማሪውም ለጓንትና ለነዳጅ በዋለ ነበር።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ መድኃኒት፣ የላቦራቶሪ ሪኤጀንት፣ የኤክስሬይ ፊልም፣ የቀዶ ሕክምና ክር ሁሉ ይህን ተከትሎ ነው ዋጋው የሚንቀሳቀሰው። ከዚያ በፊት የዘገየ ክፍያ ሆስፒታሉን ያቆስለው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አጥንቱን ነካ። የካርድና የምርመራ ዋጋ ቢጨመርም ጉድጓዱን አይሞላውም፤ ምክንያቱም የተጨመረው ዋጋ ራሱ በዱቤ ተመዝግቦ ስድስት ወር ይጠብቃል። በእጁ የሚከፍለው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መድን ያልገባው ድሃ ስለሆነ ጭማሪው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

የመድኑ ክፍያ ለምን ይዘገያል? ግማሹ ጥፋት የሆስፒታሎች ነው፤ ይህን ሳንደብቅ መናገር አለብን። የክፍያ ጥያቄ ከሚመለስባቸው ምክንያቶች የሚበዙት የወረቀት ናቸው፤ የአባልነት መታወቂያ ቁጥር አልተጻፈም፣ የሪፈር ወረቀቱ ከካርዱ ጋር አልተያያዘም፣ ሐኪሙ የበሽታውን ስም ሳይጽፍ መድኃኒት አዟል፣ ማዘዣው ላይ ፊርማ የለም፣ ወይም የተሞላው ዋጋ በውሉ ከተስማሙበት ይለያል። እነዚህ ሁሉ በዕለቱ ቢታዩ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናቸው። ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ በሺህ የሚቆጠር ካርድ ከመደርደሪያ አውርዶ መፈለግ ግን ሦስት ሠራተኛ ለሳምንታት ያስራል፤ ያኔም የጎደለውን ፊርማ የሚያሟላው ሐኪም ምናልባት ለቅቆ ሄዷል። ስለዚህ የዕለቱን ካርድ በዕለቱ የሚያጣራ አንድ ሰው ከፋርማሲው መውጫ አጠገብ ይቀመጥ። ሕመምተኛው ሳይወጣ የጎደለው ይሟላል።

ሌላው ግማሽ የቀን አቆጣጠር ችግር ነው። ገበሬው የመድን መዋጮውን የሚከፍለው እህሉ ተወቅቶ፣ የምንጃር ጤፍና ሽምብራ ገበያ ወጥቶ፣ የመንዝ በግ ተሸጦ ገንዘብ እጁ ሲገባ ነው። በቆላው ደግሞ፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል፣ የወባና የትኩሳት ሕመምተኛ የሚበዛው ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። የመድኑ ካዝና ያለፈውን ዓመት መዋጮ ጨርሶ አዲሱን በሚጠብቅበት ወር ሆስፒታሉ ከሁሉ የበለጠ ያወጣል። ይህ በየዓመቱ የሚመጣ፣ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው። መፍትሔውም ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ባለፈው ዓመት በተመሳሳይ ሩብ ዓመት ከተጠየቀው ሂሳብ ግማሹ በሩቡ መጀመሪያ ይሰጥ፣ ቀሪው ከተጣራ በኋላ ይወራረድ። ለመስከረሙ ሩብ የሚሆነው በጥር ከሚሰበሰበው መዋጮ ላይ ተለይቶ ይቀመጥ።

የነጻ አገልግሎቶችም አሉ። የወሊድ፣ የቲቢ፣ የኤችአይቪና የክትባት አገልግሎት በነጻ መሰጠቱ ትክክል ነው፤ እናት ለምጥ ስትመጣ ገንዘብ ሊጠየቅባት አይገባም። ሆስፒታሉ ግን ለአንድ ቀዶ ወሊድ ክር፣ ጓንት፣ የሰመመን መድኃኒት፣ ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚረዳውን ኦክሲቶሲንና ግሉኮስ ይገዛል። ያን ወጪ ለመተካት የታሰበው ገንዘብ በሰዓቱ ካልመጣ ከዚያው ተዘዋዋሪ ፈንድ ላይ ይነሳል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው፣ በመዝገብ ያለ ገንዘብ በስቶር ውስጥ ክር አይሆንም።

አሁን ወደ ሠራተኛው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በየስብሰባው «ለዚህ ዋርድ ሦስት ነርስ መድበናል» ይባላል። ጥያቄው ሦስት ነርስ ስንት ሰዓት ትሸፍናለች የሚለው ነው። ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ ሰዓት በሳምንት 39 ሲሆን በዓመት 2,028 ይሆናል። ከዚያ የዓመት ፈቃዱ 25 የሥራ ቀን ያህል ይቀነስ፣ የሕዝብ በዓላት 13 ቀን ያህል ይቀነሱ፣ ለሕመምና ለሥልጠና 10 ቀን ይያዝ፤ የሚቀረው 1,655 ሰዓት ገደማ ነው። 8,760ን ለ1,655 ብናካፍለው 5.3 ይመጣል። ትርጉሙ፣ አንድ ወንበር ሌት ተቀን እንዳይራቆት አምስት ሰው ይበቃል ለማለት እንኳ ትንሽ ይጎድላል። ለወሊድ ፈቃድ የምትወጣ አንዲት ነርስ 120 ቀን ስለማትኖር ደግሞ ስድስተኛ ሰው ያስፈልጋል። በአንድ ሰዓት ሁለት ነርስ የሚያስፈልገው ዋርድ ከ10 እስከ 11 ነርስ ይፈልጋል ማለት ነው።

በሦስት ሰው ሲሸፈንስ? እያንዳንዳቸው በዓመት 2,920 ሰዓት ይሠራሉ፤ ከአቅማቸው በላይ 1,265 ሰዓት፣ በሳምንት 24 ሰዓት ትርፍ። ይህ ትርፍ ሰዓት ዲዩቲ ነው፤ ሕጋዊ ክፍያ አለው፤ በሌሊትና በበዓል የሰዓቱ ዋጋ ከመደበኛው ይበልጣል። እንግዲህ በጀት ለመቆጠብ ተብሎ ያልተቀጠሩት ሁለት ነርሶች ደመወዝ አልተቆጠበም፤ በዲዩቲ ስም ዕዳ ሆኖ ተመዝግቧል፣ በውድ ዋጋ። ዕዳው በወሩ ካልተከፈለ ደግሞ ሦስተኛዋም መልቀቂያ ታስገባለች። በምትኩ ማስታወቂያ ወጥቶ፣ ፈተና ተሰጥቶ፣ ሰው እስኪመደብ ወራት ይሄዳል። የተመደበውም ስድስት ወር በሙከራ ላይ ነው፤ ዋርዱን፣ የመድኃኒት ሰዓቱንና የድንገተኛውን አሠራር እስኪለምድ ሌሊት ብቻውን ሊተው አይገባም። በእነዚህ ወራት የቀሩት ሁለቱ ናቸው የሚያድሩት።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻው ወደ 11,500 ብር ከፍ ማለቱ እፎይታ ነው። ከዚያ በፊት በግንቦት 2017 ዓ.ም. ጤና ባለሙያዎች በየከተማው ድምፃቸውን ያሰሙት በከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ነርስን ከዋርድ የሚያስለቅቀው የደመወዙ ማነስ ብቻ አይደለም። ዲዩቲው መቼ እንደሚከፈል አለማወቅ ነው፤ የቤት ኪራይ በወሩ ይጠየቃል፣ ዲዩቲ ግን በወሩ አይመጣም። ሥራ ያጡ ተመራቂ ሐኪሞችና ነርሶች በየከተማው እያሉ፣ በየሆስፒታሉ ባዶ መደብ መኖሩ ደግሞ የሰው እጥረት እንዳልሆነ ያሳያል። ሰው አለ፤ መደቡ በበጀት አልተደገፈም።

ሌሊት በዋርድ ውስጥ ምን እንደሚጎድል እንይ። 30 ሕመምተኛ የተኛበት የውስጥ ደዌ ዋርድ በአንዲት ነርስ ያድራል። የእያንዳንዱን ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊትና የኦክስጅን መጠን በየአራት ሰዓቱ መውሰድ አለባት፤ አንዱ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ አንድ ዙር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በ12 ሰዓት አዳር ሦስት ዙር፣ ሰባት ሰዓት ተኩል። በቀሩት አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ የምሽቱንና የንጋቱን መርፌ ማዘጋጀት፣ የተዘጋ የግሉኮስ መስመር መክፈት፣ አዲስ የሚገባ ሕመምተኛ መቀበል፣ ለሐኪም መደወል፣ መጻፍ አለባት። አይሆንም። ስለዚህ አንድ ዙር ይዘለላል፣ የመርፌ ሰዓት ይሸራረፋል። ሴፍትሪያክሶኑ በሰዓቱ ያልደረሰው የሳንባ ምች ሕመምተኛ በአራት ቀን መውጣት ሲገባው ስድስት ቀን ይተኛል። ሁለት ተጨማሪ ቀን ማለት ለመድኑ ተጨማሪ ሂሳብ፣ ለአስታማሚው ተጨማሪ የአልጋና የምግብ ወጪ፣ በድንገተኛ ክፍል አልጋ ለሚጠብቀው ደግሞ ተጨማሪ ሁለት ቀን ነው። የአንዲት ነርስ አለመኖር በዚህ መንገድ ነው ዞሮ በመድኃኒቱ ሂሳብ ላይ የሚታየው።

ከሁሉ የከፋው የሰመመን ባለሙያ ነገር ነው። ለቀዶ ወሊድ ቢያንስ አምስት ሰው ይፈለጋል፤ ቀዶ ሐኪሙ ወይም የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያው፣ የሰመመን ባለሙያው፣ መሣሪያ የምታቀብል ነርስ፣ በዙሪያ የምታገለግል ነርስ፣ ሕፃኑን የምትቀበል አዋላጅ። አራቱ ተገኝተው የሰመመን ባለሙያው ከሌለ ቀዶ ጥገናው የለም። ብዙ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች አንድ ወይም ሁለት የሰመመን ባለሙያ ነው ያላቸው። አንዱ ለትምህርት ሲሄድ ወይም ሲታመም፣ እናቲቱ በአምቡላንስ ትላካለች። ከመንዟ መሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ለመድረስ በሞላሌና በመዘዞ አድርጎ ጣርማ በር መውጣት ነው፤ በጭጋግ፣ በሌሊት፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ። ከአለም ከተማ የሚነሳው የጀማን ሸለቆ መሻገር አለበት። የአንዱ ጉዞ ነዳጅ፣ የሾፌሩ አበል፣ አብራ የምትሄደዋ ነርስ ከዋርድ መጉደል ሲደመር ምን ያህል እንደሆነ የሚያሰላ የለም፤ ምክንያቱም ወጪው ከአምቡላንሱ ባለቤት ከወረዳው፣ ከላኪው ሆስፒታልና ከቤተሰቡ ኪስ ተከፋፍሎ ይወጣል። የእናቲቱና የሕፃኑ ሕይወት ደግሞ በማንኛውም መዝገብ ዋጋ አይወጣለትም።

በቆላና በደጋ ያለው ልዩነትም በበጀቱ ላይ አይታይም። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ። አየሩ ስስ በመሆኑ የሳንባ ሕመምተኛ ኦክስጅን የሚፈልገው ቶሎና ለረጅም ጊዜ ነው። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይሰጣል። በደቂቃ አምስት ሊትር ለሚወስድ አንድ ሰው 20 ሰዓት ነው። እንዲህ ያሉ ሦስት ሰዎች ከተኙ በቀን ወደ አራት ሲሊንደር ይጠጋል። በመብራት የሚሠራው ኦክስጅን ማምረቻ ማሽን ይህን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሲገዛ የተሠራበት የከፍታ ወሰን ካልታየ በመንዝ ላይ የሚያወጣው ኦክስጅን ንጽሕናው ይወርዳል። ቮልቴጅ ማስተካከያ ካልተገጠመለት ኮምፕረሰሩ ይቃጠላል። ማጣሪያው በየሳምንቱ ታጥቦ ደርቆ ካልተመለሰ አቧራ ይዘጋዋል፤ እርጥብ እያለ ከተገጠመ ደግሞ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ኦክስጅኑን የሚለየውን ክፍል ያበላሸዋል። ማጠቡ ሳሙናና ውኃ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ችግሩ ማን እንደሚያጥበው በተረኛው መዝገብ ላይ አለመጻፉ ነው።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል። 100 ኬቪኤ ጄኔሬተር በግማሽ ጭነት በሰዓት 12 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይጠጣል። በቀን ስድስት ሰዓት ቢሠራ በወር 2,160 ሊትር ነው። ለዚህ ነው ቀዶ ጥገና ክፍሉን፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉንና ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚቀመጡትን የኦክሲቶሲንና የሪኤጀንት ማቀዝቀዣዎች በትንሽ የፀሐይ ኃይል መስመር ለይቶ መያዝ ያዋጣል የምንለው። ትልቁን ጄኔሬተር ለሁለት ማቀዝቀዣ ሌሊቱን ማስነሳት ናፍጣ ማቃጠል ነው።

ላቦራቶሪውን በአጭሩ፤ በስጦታ የመጣ ማሽን የራሱን ሪኤጀንት ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ ሪኤጀንቱም በአገር ውስጥ የማይገኝ ከሆነ፣ ማሽኑ ይቅርብን ማለት ይሻላል። አቅራቢው ማሽኑን አስቀምጦ፣ ጥገናውን ይዞ፣ በሪኤጀንት ብቻ የሚከፈልበት ውል ለትናንሽ ሆስፒታሎች የተሻለ ነው።

ምን ይደረግ ለሚለው ከላይ በየቦታው ያነሳነው አለ። እነዚህን እንጨምራለን። እያንዳንዱ ሆስፒታል በየሩብ ዓመቱ መጨረሻ በካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አራት ቁጥር ይለጥፍ፤ ለመድኑ የጠየቀው ብር፣ የተከፈለው፣ ክፍያው የወሰደው ቀን፣ እና ለሠራተኛ ያልተከፈለ ዲዩቲ። ሕዝቡ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል፤ በካርድ መስኮቱ ጀርባ ያለችውን ልጅ መስደቡም ይቀራል። የዲዩቲ ገንዘብ ከውስጥ ገቢው መጀመሪያ ይለይ፣ ከተረፈው አይሁን። የመድኃኒት ፈንዱ ሂሳብ በብር ብቻ ሳይሆን በካርቶንም ይታይ፤ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ በየቦታው የተስፋፋው ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይት አሠራር ለዚህ ጥሩ መሠረት አለው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ የሚያሠለጥናቸው ባለሙያዎች ከደብረ ብርሃን ከተማ ውጭ ባሉት ሆስፒታሎች የተግባር ጊዜያቸውን እንዲያሳልፉ ቢደረግ፣ ለተማሪው ትምህርት፣ ለዋርዱም ተጨማሪ እጅ ይሆናል፤ ኃላፊነት ያለው ነርስ አብሮ እስካለ ድረስ።

የመደቡ ጥያቄ ግን የሚወሰነው በቀን ነው። የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ከላይ ያለውን የ5.3 ስሌት እያንዳንዱ ሆስፒታል ለየዋርዱ ሠርቶ፣ የሚጎድለውን ነርስ፣ አዋላጅና የሰመመን ባለሙያ በስም ሳይሆን በሰዓት ቆጥሮ፣ ካለፈው ዓመት የዲዩቲ ዕዳ ጋር አያይዞ በሚያዝያ ማቅረብ አለበት። በሐምሌ የተጠየቀ መደብ እስከሚቀጥለው ሐምሌ ይጠብቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
በሆስፒታል ፋይናንስና በነርስ አገልግሎት የምንሠራ ባለሙያዎች
ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን